ወረቀት ሳትይዙ ቤት ለምታሠሩ

ጅዳና ሪያድ፣ ቤሩትና ዱባይ፣ ከዚያም ተሻግራችሁ ስዊድንና አሜሪካ የምትኖሩ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፤ ሳትጋቡ አብራችሁ መኖራችሁን ልንዳኝ አልተነሣንም። ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዱ መኖሪያ ፈቃድ የለውም፣ ሌላው ሽማግሌ የሚልክለት አጥቷል፣ ሌላው «አገር ስንገባ ይደረሳል» ብሏል። የሚያስቆጣን ከዚህ ቀጥሎ የምታደርጉት ነው። ደሞዛችሁን ለዓመታት አንድ ላይ አድርጋችሁ ኮምቦልቻ ላይ ብሎኬት ታስደረድራላችሁ፤ ካርታው ግን በአንዳችሁ ስም ብቻ፣ ባስ ሲልም በወንድም ስም ይወጣል። ከዚያ ሞት ወይም ጠብ ይመጣል፤ ቆርቆሮውን የገዛችው ሴት የግቢው በር ይዘጋባታል። ሞባይል ስትገዙ ደረሰኝና ዋስትና የምትጠይቁ ሰዎች እኮ ናችሁ!

«አብረን ስለኖርን እወርሳለሁ» የምትሉትን ተዉት። ያገባም ቢሆን በዚህ መንገድ አይወርስም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሳይናዘዝ የሞተ ሰው ንብረት መጀመሪያ ለልጆቹ ይሄዳል (አንቀጽ 842)፤ ልጅ ከሌለ ለአባቱና ለእናቱ (843)፤ እነሱም ከሌሉ ወደ ወንድምና እህት ይወርዳል። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ባልም ሚስትም የሉም። ባለትዳሩ የሚተርፈው ከጋራ ሀብቱ ግማሹ ድሮም የራሱ ስለሆነ ነው፤ ድርሻውን አነሣ እንጂ አልወረሰም።

ሳይጋቡ ለኖሩት የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 102 ተመሳሳይ በር ከፍቷል። እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖሩ ከሦስት ዓመት ያላነሰ ከሆነ በዚያ ጊዜ የተፈራው ንብረት የጋራ ይሆናል። የአማራ ክልል በአዋጅ ቁጥር 79/1995 የወጣ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለውና ደሴ ላይ ክስ የሚጽፍላችሁ ጠበቃ ከእሱ ይነሣ።

በቁጥር እንየው። ሁለት ሰዎች ሪያድ አምስት ዓመት አብረው ኖረው 4 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት ኮምቦልቻ ላይ ሠሩ እንበል። ካርታው በእሱ ስም ነው፤ ልጅ የላቸውም፤ ኑዛዜ የለም፤ እሱ ሞተ። አብሮ መኖሩን ካስረዳች 2 ሚሊዮኑ የእሷ ነው፤ የቀረው ለአባቱና ለእናቱ አንድ አንድ ሚሊዮን ይደርሳል። አብረው የኖሩት ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ከሆነ ግን አራቱም ሚሊዮን የወላጆቹ ነው። ለእሷ የሚቀራት በላከችው ገንዘብ ያላግባብ በልጽገዋል ብላ መሟገት ነው፤ ለዚያም ደረሰኝ ያስፈልጋታል። ልጅ ቢኖራቸው የእሱ ድርሻ ሙሉ በሙሉ ለልጁ ነው። በጋብቻ የተወለደና ያለ ጋብቻ የተወለደ ልጅ በውርስ አይለያዩም (የፍትሐ ብሔር ሕግ 836)፤ ልጁ ግን አባቱ ማን እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት ይፈልጋል። አዋጅ 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። የአባት ስም በባዶ የቀረበትን የልደት ወረቀት አባትየው በሕይወት ሳለ አስተካክሉት።

ብዙዎቻችሁ የምትወድቁት «አብሮ መኖር» የሚለው ላይ ነው። የፆታ ግንኙነት ተደጋግሞ፣ ሰውም አውቆት እንኳ ብቻውን አይበቃም። አኗኗሩ የባልና የሚስት መምሰል አለበት፤ አንድ ቤት፣ አንድ ማዕድ፣ ጎረቤትም ዘመድም እንደዚያ የሚያውቃቸው። በአሠሪዋ ቤት እያደረች ዓርብ ዓርብ ብቻ ከእሱ ጋር የምትውል ሴት ይህን ለማስረዳት ትቸገራለች። እሱ ሪያድ እሷ ቤሩት ሆነው በኢሞ ሲያወሩ የከረሙማ ሦስት ዓመት አይቆጠርላቸውም። ስለዚህ አንድ ቤት ካላችሁ የኪራይ ውሉ ላይ ሁለቱም ስም ይግባ። የሐኪም ቤት ካርድ ላይ የቅርብ ተጠሪ ተብሎ የተጻፈ ስም፣ የማኅበርና የዕቁብ መዝገብ፣ ቀን ያለበት ነገር ሁሉ ይቀመጥ።

ኒካህ፣ ማለት በእስልምና ሥርዓት ጋብቻ፣ ያሰራችሁ ደግሞ ራሳችሁን ያልተጋባን አትበሉ። በኢትዮጵያ ሕግ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ ጋብቻ ነው፤ በውጭ አገር የተፈጸመውም በዚያው አገር ሕግ መሠረት ከሆነ ይጸናል። ጣጣው ጓደኛሞች አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ያሰሩት፣ የትም ያልተመዘገበው ኒካህ ነው፤ ክርክር ሲነሣ ይላላል። ቆንስላ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። እስከዚያው ያሰረው ሰው፣ የወሊዩ (ሙሽራዋን ወክሎ የሚድራት ሰው) እና የምስክሮቹ ሙሉ ስም፣ መህሩ (ለሙሽራዋ የሚሰጠው ጥሎሽ) እና ቀኑ በአንድ ወረቀት ሰፍሮ ይፈረምበት።

ወሎ ነንና የሸሪዓ ፍርድ ቤትን ሳንጠቅስ አናልፍም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በር ትቷል። እዚያ ሚስት ትወርሳለች፤ ልጅ ካለ ከስምንት አንድ፣ ከሌለ ከአራት አንድ። ኒካህ ያልታሰረላት ግን በውርስ ምንም የላትም፤ በኑዛዜ ቢተውላትም ከሲሶ አይበልጥም። አንዱ ወገን አልፈቅድም ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። የትኛው እንደሚሻላችሁ ሳታሰሉ የፈቃድ ወረቀት ላይ አትፈርሙ።

«እኔ ሩቅ ነኝ፣ በወንድሜ ስም ይሁን» የሚለው ነገር የብዙ ቤት እሳት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 ካርታ በስሙ የወጣለትን ሰው ባለቤት ነው ብሎ ይገምታል፤ ይህን ማፍረስ የእናንተ ዕዳ ነው። ወንድማችሁ ደግ ሰው ነው እንበል። ነገ ያገባል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በትዳር ውስጥ ያለን ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ አድርጎ ይወስደዋል (63)፤ ሲፋቱ ሚስቱ የእናንተን ሳሎን ትካፈላለች። ቢሞት ልጆቹ ይወርሱታል፤ እነሱ ደግሞ አጎታቸው ከሪያድ የላከውን አያውቁም፣ የሚያውቁት ካርታውን ነው።

አገር ቤት ያገባት ሚስት ያለችው ወንድም ይስማ። ትዳሩ እስካልፈረሰ ድረስ በጉልበትህ ያገኘኸው ገቢ ከእሷ ጋር የጋራ ነው (የቤተሰብ ሕግ 62)፤ ጅዳ አብራህ ለምትኖረው «ግማሹ ያንቺ ነው» ብትላት የሌለህን እየሰጠህ ነው። እኅቴ፣ አንቺም ከመላክሽ በፊት ጠይቂ፤ ካላመንሽ በራስሽ ስም ሥሪ።

የማስረጃው ነገር ሳይጻፍ ወደ ክስ አይኬድም። ከባንክ ውጭ በሰው እጅ በሚዞር ሐዋላ የተላከ ገንዘብ ፍርድ ቤት ፊት አየር ነው፤ የተቀበለው ሰው «አልተቀበልሁም» ካለ አለቀ። በባንክ ላኩ፤ የመላኪያው ምክንያት ላይ «ለቤት ግንባታ» ብላችሁ ጻፉ፤ ደረሰኙ ሳይደበዝዝ ፎቶ አንሡት። የሲሚንቶ፣ የብረትና የብሎኬት ደረሰኝ አገር ቤት ባለው ወኪል ስም ሳይሆን በእናንተ ስም ይቆረጥ። ከሁሉ የሚከፋው የስም ጉዳይ ነው። በፓስፖርት አንድ ስም፣ በቀበሌ መታወቂያ ሌላ ስም ይዛችሁ የሄዳችሁ አላችሁ። ባንኩ የሚያውቀው የፓስፖርቱን ነው፤ ኮምቦልቻ ያለው ጎረቤት የሚመሰክረው የሌላውን። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን በፍርድ ቤት ሳታስወስኑ የላካችሁት ሁሉ የማታውቁት ሰው ገንዘብ ይመስላል። ይህን ጤነኛ ሳላችሁ፣ ጠብ ሳይኖር አስጨርሱት።

በሄዳችሁበት አገር ያለው ሕግም እንደ ድንበሩ ይለያያል። ዋሽንግተን ዲሲ ያለ ሥርዓት የተመሠረተን ጋብቻ ሁኔታው ሲሟላ ያውቃል፤ ወንዙን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ወይም ጎረቤቷ ሜሪላንድ ከሆናችሁ ግን እዚያ እንዲህ ያለ ጋብቻ መመሥረት አይቻልም። በስዊድን በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የአብሮ ነዋሪዎች ሕግ የሚያካፍለው ለጋራ መኖሪያ የተገኘውን ቤትና የቤት ዕቃ ነው፤ ከተለያያችሁ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልጠየቃችሁ ያልፋል፤ ውርስማ የለበትም። እንግሊዝ አገርም ያላገባ አይወርስም፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ከሟቹ ንብረት ይሰጠኝ ብሎ ማመልከት ይችላል፣ እሱም የውርስ ማስተዳደሪያ ፈቃድ ከወጣ በስድስት ወር ውስጥ። የኮምቦልቻ ቤት ክስ የሚታየው ግን ቤቱ ባለበት ነው። ዜግነት የቀየራችሁ ደግሞ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችሁን፣ ቢጫ ካርዱን፣ ሳትይዙ ካርታ ላይ ስም ለማስገባት አትድከሙ።

መጋባት ከቻላችሁ ተጋቡ፤ የንብረቱን ነገር በጋብቻ ውል ጻፉት፤ ውሉ ከባል ወገን ሁለት፣ ከሚስት ወገን ሁለት ምስክር ይፈልጋል። ካልሆነላችሁ ካርታው በሁለት ስም ይውጣ። ይህ ብቻ የቀረውን ሐሳብ በግማሽ ያቃልለዋል። ከዚያ ማን ስንት እንዳዋጣ የሚናገር ውል በጽሑፍ ይሁን፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት መሆን አለበት (የፍትሐ ብሔር ሕግ 1723፤ ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮችም የዚሁ ሕግ ናቸው)። «ቤቱን ሰጥቼሻለሁ» የሚል የድምፅ መልእክት ስጦታ አይደለም፤ የቤት ስጦታ ከታች በምንነግራችሁ በግልጽ ኑዛዜ ሥርዓት ካልተጻፈ ዋጋ የለውም (2443)።

ኑዛዜውን ሁለታችሁም ጻፉ፣ ግን በየግላችሁ። በአንድ ወረቀት ሁለት ሰው የተናዘዘበት ፈራሽ ነው (858)። ግልጽ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ በወረቀቱ ላይ ይጻፋል፤ ወዲያው ሁሉም ይፈርማሉ (881)። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ አዋዋይ ወይም ዳኛ ከሆነ ሁለት ይበቃል። ብዙው ኑዛዜ የሚወድቀው «ተነበበ» የሚለው ቃል ተረስቶ ነው። በእጃችሁ የምትጽፉት ከሆነ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሳችሁ እጅ ይሁን፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይበል፤ በየገጹ ቀንና ፊርማ ይኑር፤ በሰባት ዓመት ውስጥ በአዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ካላስቀመጣችሁት ይሞታል (903)። በቃል የሚደረግ ኑዛዜ ለአንድ ሰው ከ500 ብር በላይ አያወርስም። ልጅ ካላችሁ ሁሉንም ለአብሮ ኗሪያችሁ አትጻፉ፤ ልጅን ከውርስ መንቀል ሕጉ በግልጽ ይነገር፣ ምክንያቱም ይጻፍ ይላል፤ ልጆቹ ይሟገቱበታል።

አገር ቤት ላላችሁ ቤተሰቦችም አለን። ልጃችሁ በሞተ ማግሥት በውክልናው ቤቱን ለመሸጥ የምትሯሯጡ፣ ውክልና በወካዩ ሞት ያበቃል (2232)፤ የሸጣችሁት ሽያጭ ተመልሶ ይመጣባችኋል። «ሌላ ወራሽ የለውም» ብላችሁ የወራሽነት ማስረጃ ስታወጡ ልጅ እንዳለው እያወቃችሁ ከሆነ ለፍርድ ቤት እየዋሻችሁ ነው። እሱን ስታስታምም የከረመችውን ሴት ከአርባው በፊት ቁልፍ አምጪ ማለት ደግሞ የወሎ ሰው ሥራ አይደለም።

የተገፋችሁ ሰዎች፣ የውርስ ይገባኛል ክስ መብታችሁንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቃችሁበት ጀምሮ ሦስት ዓመት ብቻ ነው ያለው (1000)። አልቅሳችሁ አትጨርሱት። መጀመሪያ የሚጠየቀው ዕግድ ነው፤ ካርታው ወደ ሌላ ስም እንዳይዞር ፍርድ ቤቱ እንዲያዝ አመልክቱ። ትእዛዙን ራሳችሁ ይዛችሁ ወደ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ሂዱ፣ በፋይሉ ላይ ሲያያዝ ቆማችሁ እዩ፣ የገቢ ማኅተምና ቁጥር ያረፈበትን ቅጂ ሳትቀበሉ ከቢሮው አትውጡ።