አሻንጉሊቱ የሚጠይቀው ጥያቄ

አሜሪካ ውስጥ ትንሽ ልጅ ያለው ሐበሻ ቅዳሜ ጠዋት የሚነሳው በደወል አይደለም፣ በአሻንጉሊት ሳቅ ነው። ቡናው ገና አልተፈላም። ሳሎን ግን ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ፀጉራም ፍጥረት ይዘፍናል፣ ያስነጥሳል፣ ጥያቄ ይጠይቃል። አጠገቡ አንድ ትልቅ ሰው ተቀምጧል። አቅራቢ የሚባለው እሱ ነው። ትንሽ ካያችሁ ግን ፕሮግራሙን የሚዘውረው አሻንጉሊቱ መሆኑ ይገባችኋል። ሰውዬው አንዱን ነገር ገና ማስረዳት ሲጀምር አሻንጉሊቱ "ቆይ፣ ቆይ፣ አልገባኝም" ይለዋል።

እኛ ደግሞ የአባባ ተስፋዬ ልጆች ነን። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ተስፋዬ ሳህሉ የልጆችን ክፍለ ጊዜ ለ42 ዓመት ይዘውት ቆይተዋል። "ጤና ይስጥልኝ ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች!" ሲሉ እቤቱ ተቀምጦ ብድግ ብሎ እጅ የሚነሳ ልጅ ነበር። ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ተጠቅጥቀን ነው ያየናቸው። አንበሳውንም አህያውንም ጅቡንም ብቻቸውን ይጫወቱታል። የቴአትር ሰው ናቸው፣ ምትሐተኛም ናቸው፣ ኮሪያ ድረስ ሄደው የዘመተውን ሠራዊት ያዝናኑ ሰው ናቸው። አሻንጉሊት ለምን ያስፈልጋቸዋል?

ግን ልብ በሉ። አባባ ተስፋዬ ያውቃሉ፣ እኛ እንሰማለን። እስቱዲዮ የገባው ልጅ ስሙን ይናገራል፣ ተረቱን ያወራል፣ ይጨበጨብለታል። ተረቱ ሲያልቅ ምክሩ ይከተላል። "አባባ፣ ይሄማ አልገባኝም፣ ጅቡ ለምን ሞኝ ሆነ?" ያለ ልጅ እኔ አላስታውስም። ቢኖር ኖሮ እናቱ ቤት ሲገባ ትጠብቀው ነበር።

እዚህ ያለው ነገር የተገላቢጦሽ ነው። አሻንጉሊቱ የሚኖረው ላለማወቅ ነው። ይሳሳታል፣ ያኮርፋል፣ ደርሶ ይፈራል። የሚያየው ልጅ "እኔ ከእሱ እሻላለሁ" ብሎ ወንበሩ ላይ ቀና ይላል። ይሄ እንዲሁ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፣ ተለክቶ ነው። የዚህ ዘር አያት ሰሳሚ ስትሪት የሚባለው የአሜሪካ የልጆች ቴሌቪዥን ፕሮግራም ነው። እሱ እንኳ የቅዳሜ ፕሮግራም አልነበረም፣ በአዘቦት ቀን ነበር የሚታየው። እ.ኤ.አ. በ1969 ከመጀመሩ በፊት ልጆችን ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጠው፣ አጠገቡ በየ7.5 ሰከንዱ የሚቀያየር ሥዕል ይደግኑባቸው ነበር። ልጁ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አንስቶ ወደ ሥዕሉ ሲያዞር አንዱ ቁጭ ብሎ ይመዘግባል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ "ሰውና አሻንጉሊት አታቀላቅሉ፣ ልጅ ግራ ይጋባል" ብለው ነበር። ሲለካ ግን ሰዎቹ ብቻቸውን ፕሮግራሙ የሚካሄድበት መንገድ ላይ ሲያወሩ ልጆቹ ዓይናቸውን ወደ ሌላ ይሰዳሉ። ስለዚህ ምክሩን ትተው ቢግ በርድ የሚባለውን ግዙፍ ቢጫ ወፍ መንገዱ ላይ አወጡት።

ይህ ወፍ ውስጥ ያለውን ሥራ ሰው ልብ አይለውም። ካሮል ስፒኒ የሚባለው ባለሙያ ለብዙ ዓመት ቀኝ እጁን ሽቅብ ሰቅሎ የወፉን ጭንቅላትና ምንቃር ያንቀሳቅስ ነበር። ግራ እጁ የወፉ ግራ ክንፍ ነበር። ቀኝ ክንፉስ? በቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ክር ከግራው ጋር ታስሯል፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይነሳል። ስፒኒ ወደ ውጭ አያይም ነበር። ደረቱ ላይ ትንሽ ቴሌቪዥን ታስሮለት፣ ራሱን በእሷ እያየ ነበር የሚሄደው። መጀመሪያ ወፉን ጅል አድርገው ነበር የጀመሩት። ስፒኒ ነው "ጅል አይሁን፣ ልጅ ይሁን" ያለው። ስድስት ዓመቱ ነው፣ ከዚያ ወዲህም አንድ ዓመት አልጨመረም።

እኔን ግን የገረመኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ የሰፈሩን ሱቅ ባለቤት ሚስተር ሁፐርን ሆኖ የሚጫወተው ዊል ሊ ሞተ። አዘጋጆቹ ሌላ ተዋናይ መተካት ይችሉ ነበር። ጡረታ ወጥቶ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ ማለትም ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ላይ ቢግ በርድ የጎረቤቶቹን ሁሉ ሥዕል ሥሎ ሲያድል ይታያል። የሚስተር ሁፐርን ይዞ "የት አለ?" ይላል። ትልልቆቹ ሞቷል ይሉታል። "እሺ፣ ሲመለስ እሰጠዋለሁ" ይላል። አይመለስም ይሉታል። ለምን እንዲህ ሆነ ሲል፣ እንዲሁ ነው፣ ከማለት ያለፈ መልስ የላቸውም። ተዋናዮቹ ያለቀሱት የምር ነው ይባላል።

እኛ ቤት ይሄ የሚሞከር አይደለም። አያት ስትሞት ልጁ ጎረቤት ይላካል። ሲመለስ ድንኳን ተተክሏል፣ እናቱ ጥቁር ለብሳለች፣ ለእሱ የሚነገረው ግን "አሜሪካ ሄዳለች" ነው። እኔ በልጅነቴ አሜሪካ የሙታን አገር ይመስለኝ ነበር፣ የሄደ አይመለስማ። ጥያቄው እንግዲህ፣ አሜሪካ የተወለደውን ልጅ ምን ብለን እንሸውደው? ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አንድ ወዳጄ የልጁ አያት ስትሞት ለልጁ "ኢትዮጵያ ናት" አለው። ልጁም "እሺ፣ በቪዲዮ እንደውልላት" አለ።

ደግሞ የምንሸውደው ልጅ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እዚህ ያለ የአርባ ዓመት ጎልማሳ እናቱ ብትሞት ማንም በስልክ አይነግረውም። "ትንሽ አሟታል" ይባላል። ከዚያ አንድ ማለዳ ከሥራ በፊት በሩ ይንኳኳል። ሲከፍት ዘመድ ወዳጅ፣ የዕድር ሰው ተሰልፎ ቆሟል። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሐበሻ በር ላይ ካየ ማንም ሳይናገር ገብቶታል። መርዶ እንዲህ ነው። እኔ ይሄን ልማድ አልንቀውም፣ ሰው ብቻውን እንዳይሰማ ነው። አብሮት የሚያለቅስ ሃምሳ ሰው አለው። ቢግ በርድ ያን ያህል ሰው አልነበረውም። ግን ለልጁ ነው የሚቆረቁረኝ። ለትልቁ ሰው ሃምሳ ሰው ተሰብስቦ እውነቱን ይነግረዋል፣ ለልጁ ማን ይነግረዋል?

እኛም አገር የሚጠይቅ አሻንጉሊት መጥቷል። "ፀሐይ መማር ትወዳለች" የሚለውን ፕሮግራም አስተማሪ የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ሆና ነው የጀመረችው። የመጀመሪያዎቹ አሻንጉሊቶች የተሠሩት ከካልሲ ነው፣ ቀረጻውም ቤታቸው ውስጥ ነበር። ፀሐይ ቀጭኔ ናት፣ እሷም ስድስት ዓመቷ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ውጭ አገር ተሸልማለች። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ቀጭኔዋ አማርኛ እየተናገረች፣ ጨዋ ልጅ ሆና፣ "ለምን?" ማለቷ ነው። ጥያቄ ባለጌነት አለመሆኑን ያየሁት በእሷ ነው። አንዳንዴ አባባ ተስፋዬና ፀሐይ አንድ ወንበር ላይ ቢቀመጡ እላለሁ። እሳቸው ተረቱን ሲጀምሩ እሷ አንገቷን አስግጋ "ጅቡ ግን ለምን?" ስትል። እሳቸው ይስቁ ነበር እንጂ የሚቆጡ አይመስለኝም። በ2009 ዓ.ም. ነው ያረፉት።

ይሄን ሁሉ በስልክ ለእህቴ ስተርክላት ዝም ብላ ሰማችኝና "እና አንተ ቅዳሜ ጠዋት የት ነህ?" አለችኝ። ሥራ፣ አልኳት። ትርፍ ሰዓት ነው፣ ክፍያው የወትሮው አንድ ተኩል እጥፍ ነው። "እሱን ነው የምልህ። የእናንተ አገር አሻንጉሊት የሚጠይቀው ወላጁ ስለሌለ ነው። እኛ ጋ ልጁ ባይጠይቅም ስድስት ሰው ከብቦታል።"

መልስ አጣሁ። እውነቷን ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት አሜሪካ ውስጥ የተፈጠረው ወላጅ እንዲተኛ ነው። ለብዙ ዓመት ትልልቆቹ ጣቢያዎች ሰዓቱን በካርቱንና በስኳር የተለወሰ ቁርስ ማስታወቂያ ሞሉት። እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ልጆች ቴሌቪዥን ሕግ ወጣ፣ በ1996 ደግሞ በሳምንት 3 ሰዓት ለልጅ የሚጠቅም ነገር አሳዩ ተባሉ። የድሮው የቅዳሜ ካርቱን በ2014 ከትልልቆቹ ጣቢያዎች ጠፋ። አሁን ሁሉም ስልክ ላይ ነው፣ አዲስ አበባም ሲልቨር ስፕሪንግም አንድ ሆነዋል። ስልኩ ደግሞ ዝም ብሎ ይቀጥላል እንጂ ቆም ብሎ የልጁን መልስ የሚጠብቅ አሻንጉሊት ብዙም የለበትም።

የሰሳሚ ስትሪት ሰዎች ወላጅ አብሮ እንዲቀመጥ ብለው ለትልቅ ሰው የሚሆን ቀልድ ያስገባሉ። ቀልዱ ግን የአሜሪካኖች የድሮ ዘፈንና ፊልም ነው፣ ለእኛ አይደርሰንም። ልጁ ይስቃል፣ ነጩ ጎረቤት ይስቃል፣ እኛ ፈገግ ብለን ወደ ወጥ ቤት እንሄዳለን። ዩቲዩብ ላይ ፀሐይን የከፈቱ ቤቶች ውስጥ ያየሁት ሌላ ነው። እናትየው ቀድማ ትስቃለች። አማርኛው የሚያደናቅፈው ልጅ ዞር ይልና "ማሚ፣ ምን አለች?" ይላል። ከሥራ ካልተደወለላት በቀር ቁጭ ብላ ታስረዳዋለች፣ እሱም አንዱን ሳይጨርስ ሌላ ይጠይቃል።