ኪሎ ሜትሩን ቀንሱ፣ ማደሪያውን አብዙ

በቅርቡ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ወጣቶች ለአንድነትና ለግንዛቤ ብለው ረጅም መንገድ በእግር መሄዳቸውን አወድሶ አበቃ። ጥሩ ነው፣ ግን ማታ በየመንደሩ የማደሩን ነገር ዘለለው። ጋንዲ በፈረንጆቹ 1930 የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎችን የጨው ሕግ ሊቃወም ሕንድ ውስጥ ከሳባርማቲ እስከ ዳንዲ በእግሩ ሲጓዝ 385 ኪሎ ሜትር ገደማውን በ24 ቀን ነው የጨረሰው፤ ያውም በ60 ዓመቱ። በየመንደሩ እያደረ፣ ሰው ሰብስቦ እያወራ ነው የሄደው፣ ለዚህ ነው ተከታዩ እየበዛ የመጣው። በመኪና ሽው ቢል ማን ከቁም ነገር ይቆጥረው ነበር?

እኔም አንዴ እንዲህ ዓይነት ጉዞ ወጥቼ ነበር። በሦስተኛው ቀን ተረከዜ ውሃ ቋጠረ። በቋንቋ እንኳ በቅጡ የማንግባባው ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እግሬን አሰረልኝ፣ ትርፍ ካልሲውንም ሰጠኝ (ንጹሕ ነበር፣ ደግነቱ)። ስለ አንድነት የሰማሁት ንግግር ሁሉ ጠፍቶብኛል፣ ካልሲው ግን እስካሁን አለ። አዘጋጆቹ ደግሞ ፎቶ ፎቶ ሲሉ ሰው ማናገሪያ ጊዜ አጣን። ስለ ኤችአይቪ ልናስተምር ወጥተን ወረቀት በትነን አለፍን፣ በቃ። እባካችሁ ለሚቀጥለው በየመንደሩ አንድ ማታ እንኳ አሳድሩን።