ትንሽ ጠንክሯል

ቅዳሜ ማታ እስከ እኩለ ሌሊት የልጄን ባጊ የኋላ ሾኮች ስፈታ ስገጥም አመሸሁ። ባጊ ስላችሁ እውነተኛ መኪና እንዳይመስላችሁ፤ የእውነተኛውን አንድ አሥረኛ የምታህል፣ በሬዲዮ የምትነዳ፣ በአፈር ሜዳ የምትሽቀዳደም ናት። ዋጋዋን አትጠይቁኝ። ባለቤቴም ጠይቃኝ አልነገርኳትም።

ሾኮቹን ባዶ አድርጌ 30 ቁጥር የሲሊኮን ዘይት ሞላሁ። ፒስተኑን ቀስ እያልኩ ከፍ ዝቅ አድርጌ፣ አረፋው ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጣሁ። እሁድ ጠዋት፣ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሜዳው ዳር ታጣፊ ጠረጴዛዬን ዘርግቼ፣ ባትሪዋን ገጥሜ፣ ከአንድ ስንዝር ከፍታ ለቀቅኳት። ጠብ ብላ ተቀመጠች። ከማርሹ ወደ ጎማው የሚሄዱት ዘንጎች ውኃ ልክ የተያዘላቸው ይመስል ቀጥ ብለው ተጋደሙ። የተፈለገውም ይኸው ነው። ትንፋሼን ለቀቅኩ።

ይኼኔ በትከሻዬ ላይ አንድ እጅ አለፈ። “እንዴት አደርክ” የለ፣ “እግዚአብሔር ይመስገን” የለ። መዳፉ የባጊዋ ጀርባ ላይ አረፈና ሁለት ጊዜ ጫን፣ ጫን አደረጋት።

“ትንሽ ጠንክሯል፣ ልጄ።”

የእጁን ባለቤት ስም አልናገርም። ለዚህ ወግ ሲባል ጋሽ ጫኔ ይባሉ፤ ስምን መልአክ ያወጣዋል። የልጅ ልጃቸውን ይዘው ወደ ሜዳው መምጣት ከጀመሩ ገና ሦስተኛ እሁዳቸው ነው። በእነዚህ ሦስት እሁዶች ያልተጫኗት ባጊ የለችም። አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ በ1984 የወጣችውን፣ ወርቅማ አልሙኒየም የለበሰችውን፣ አርሲ 10 የምትባል ባጊ ለጌጥ ይዞ ይመጣል። በ1985 ካሊፎርኒያ ዴል ማር ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የአፈር ሜዳ ባጊዎች የዓለም ሻምፒዮና፣ በኋላ ጎማ በሚነዱት ምድብ ያሸነፈችው የእሷ ዓይነት ናት። ሰውየው በጨርቅ ጠቅልሎ ነው የሚያወጣት። ጋሽ ጫኔ እሷንም ጫን አደረጓት። ፈረንጁ ምንም አላለም፤ ጆሮው ብቻ ቀላ።

እኔም ምንም አላልኩም። በአባቴ ዕድሜ ያለን ሰው “እጅዎን ይሰብስቡ” ይባላል?

ለመሆኑ እጅ ምን ያውቃል? ሾክ ማለት ዘይት በጠባብ ቀዳዳ አላልፍም እያለ የሚግደረደርበት ዕቃ ነው። ቀስ ብለህ ስትጫነው ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ባጊዋ ከዝላይ ስትወርድ ግን ያው ዘይት ቀዳዳው በር ላይ ተጨናንቆ ድንጋይ ይሆናል። ጋሽ ጫኔ በመዳፋቸው የሰሙት በሾኩ ዙሪያ የተጠመጠመውን ሞላ እንጂ ሾኩን አይደለም። በመዳፍ ሾክ መመርመር ሰውን ጨብጦ ጠባዩን እንደ መናገር ነው። እሱንም የሚያደርጉት ይመስለኛል።

እዚህ ላይ የምወደውን ተረት ካልጣልኩ አይሆንልኝም፦ ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። አንዳንዱ ሰው ገልብጦ አነጋገርን ያስቀድማል። አያቴም እንደዚያ ነበሩ። እኔ ግን ከአያያዝ ፍንክች አልልም። ፍርድ ይግባኝ ይባልበታል፤ የተቀደደ ነገር ይግባኝ የለውም።

ደግሞ ስንጫን ማን ይችለናል! ዳቦ ቤት ገብተን ዳቦውን ጫን። አቮካዶውን ጫን፣ ከጎኑ ያለውንም ጫን፣ ከዚያ ሎሚ ገዝቶ መሄድ። ፍራሽ ሊገዛ የሄደ ሰው ጋደም ብሎ አይሞክርም፤ በጡጫ ነው የሚመታው። ከሁሉም የማይረሳኝ ግን ደላላው ነው። ከ20 ዓመት በፊት አዲስ አበባ፣ ያጠራቀምኳትን ሳንቲም ይዤ አሮጌ መኪና ልገዛ ሄድኩ። ደላላው ወደ ኋላ ዞረ፣ በሁለት እጁ ሁለት ጊዜ ጫን አደረጋትና “ሾኩ እንደ አዲስ ነው፣ አባቴ ይሙት!” አለ። ገዛኋት። ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ አንድ ጉድጓድ አገኘችና ከዚያ በኋላ መዝለሏን አላቆመችም። ጋራዥ ስትፈታ ሁለቱም የኋላ ሾኮች ዘይታቸውን ጨርሰው ደርቀዋል። ለካ እንደዚያ ለስልሳ የወረደችው ሾክ ስለሌላት ነው! ደላላውን ስፈልገው ስልኩ አይነሳም። ዛሬ ድረስ “አባቴ ይሙት” የሚል ሰው ስሰማ ቦርሳዬን ነው የምዳብሰው። የዚያ ሰውዬ አባት ስንት ጊዜ እንደሞቱ እግዜር ይወቀው።

የት ነበርኩ? አዎ፣ ጠንክሯል።

መጫኑንስ በዕድሜያቸው አልፈዋለሁ። ፍርዱን ነው ያልቻልኩት። የኋላ ነገር ሲስተካከል ሕጉ አንድ ነው፦ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ትለውጣለህ፣ ትነዳለህ፣ ታያለህ። ሁለት ነገር ከለወጥክ የትኛው እንዳዳነህ፣ የትኛው እንደገደለህ አታውቅም። ጋሽ ጫኔ “ጠንክሯል” ሲሉ ግን ልጄ ሰማ። ጎረቤቱ ጠረጴዛም ሰማ። አንዱ አባት “ለስላሳ ሞላ አድርጉላት” አለ። ሌላው “የሾኩን እግር ጎማውን በያዘው ክንድ ላይ ወደ ውስጥ አስገቡት” አለ፤ ይኼም ያለሰልሳል። ሦስተኛው ዘይቱን አቅጥኑት አለና ጠርሙሱን ከኪሱ አወጣ። ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ ከእኔ በቀር የሁሉንም ምክር ይሰማል። ሦስቱንም አደረገ።

ሲሮጡ የመጀመሪያውን ዝላይ በሰላም ዘለለች። ስታርፍ ሆዷ መሬቱን ጧ! አደረገውና ተገልብጣ አፈር ስትበላ ቀረች። ዞር ብዬ አማካሪዎቹን ፈለግኋቸው። አንዱ ስልክ እያወራ ነው፤ አንዱ መጸዳጃ ቤት ሄዷል፤ ባለ ጠርሙሱ የራሱን ልጅ እያበረታታ ነው። ምክር ሲሰጥ እንደ ለቅሶ ቤት የሚሰበሰብ ሰው፣ ጥፋት ሲመጣ እንደ ጉም ነው የሚበተነው። ጋሽ ጫኔ ብቻ አሉ። እሳቸውማ የትም አይሄዱም።

ልጄ እያኮረፈ አመጣት። ሞላውን መለስኩ፣ የሾኩን እግር ወደ ቦታው መለስኩ፣ ዘይቱን እንደገና 30 አደረግሁ። ለአረፋው ሻይ የሚጠጣበት ጊዜ የለም፤ ሁለተኛው ዙር 10 ደቂቃ ነው የቀረው። በዓይኔ ጥግ ጋሽ ጫኔ ሲጠጉ አየሁ። ፈጠን ብዬ ከቴርሞሱ ቡና ቀዳሁና በቀኝ እጃቸው አስያዝኳቸው። ባለቤቴ ከቋጠረችልኝ ድፎ ዳቦ ትልቁን ቁራሽ አንስቼ በግራቸው። ሁለቱም እጅ ተያዘ! በሆዴ ሳቅሁ።

“እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ” አሉ። ቡናውን ፉት አሉ። ዳቦውን ገመጡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ቡናው እንዳይፈስ ተጠንቅቀው፣ በክርናቸው ጫን አደረጓት።

“አሁን ደግሞ ለስልሷል።”