ይድረስ ለክቡር «ተመጣጣኝ ዋጋ»፤ ባሉበት

ቁጥር፦ የለም (ቅሬታዬም ይኸው ነው)
ጉዳዩ፦ እርስዎን በአካል ማግኘት አለመቻሌን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

«ባሉበት» ያልኩት አድራሻዎን ስለማላውቅ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ስምዎ የሌለበት አጥር የለም። ከመናኸሪያ እስከ አሞራ ገደል ባነር ላይ ተሰቅለዋል። በአካል ያየዎት ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ይመጣሉ ተባለ። ከግቢያችን ጀርባ በግ የሚግጥበት ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ላይ የመኖሪያ መንደር ሊሠራ ስለታሰበ ነዋሪው ይወያይበት ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ። ባጃጇ ሦስቴ ዞረች። በሦስተኛው ዙር «በተመጣጣኝ ዋጋ» ስትል ሰማኋትና ሸሚዝ ተኮስኩ። መቼም ለእርስዎ የተተኮሰ ሸሚዝ አይነፈግም።

3 ሰዓት የተባለው 4 ተኩል ላይ ተጀመረ። አዳራሹ በር ላይ አንድ ወጣት መዝገብ ዘርግቷል። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ። ስሜን ጻፍኩ። የቤት ቁጥሬን ስጀምር እጄን ያዘኝ።

«ከዚህ ቤት ሰው ገብቷል።»

«እኔም ከዚያው ቤት ነኝ።»

«ባለቤት ነህ?»

«ተከራይ።»

«እና ቤቱ ፈርሟል እኮ!»

ቤቱ ፈርሟል። ክቡር ሆይ፣ ሰባት ዓመት የኖርኩበት ቤት እኔን ጥሎኝ ሄዶ ፈርሟል። አንገቴን አስግጌ ሳይ እትዬ አከራዬ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሃይላንዳቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ልጁ ሳላሳዝነው አልቀረሁም። «ከኋላ ቆመህ ማዳመጥ ትችላለህ» አለኝ። ቆምኩ። ከኋላ የቆምነውን ስቆጥር ከተቀመጡት እንበልጣለን። የሁላችንም ቤት ቀድሞን ፈርሟል ማለት ነው።

ሥዕሉ ግድግዳው ላይ በራ። ሣር አለ፣ ፏፏቴ አለ፣ ውሻ የሚያንሸራሽር ፈረንጅ አለ። ሐይቅ ላላት ከተማ ፏፏቴ ማን እንዳዘዘ እንጃ። አቅራቢው «ዘመናዊ» ማለት ሲጀምር በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ፤ ጣቶቼ አለቁ። ስለ እርስዎ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሳው። «ከቤቶቹ የተወሰኑት በተመጣጣኝ ዋጋ ይቀርባሉ።» የተወሰኑት ስንት ናቸው? አልተወሰኑም።

ከዚያ ነዋሪው፣ ማለትም ቤቱ፣ አስተያየት ሰጠ። አንዱ ስለ መኪና ማቆሚያ ተናገሩ። ሌላው ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ሁሉ ሰው ምን ሊጠጣ ነው አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ እኔም ጄሪካን ተሸካሚ ነኝ። ቀጥሎ እትዬ ተነሱ።

«ልማት አንጠላም። ግን ርካሽ ቤት ከተሠራ የፋብሪካ ልጆች ይሞሉታል። የሰፈራችን ገጽታ ይበላሻል።»

ተጨበጨበ። በእኔም የቤት ቁጥር መሆኑ ነው የተጨበጨበው።

የፋብሪካ ልጆች። እዚያው እትዬ ግቢ፣ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ አምስት አሉ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ ከተማው ሥራ መጣ ብሎ እልል አለ። ሠራተኛዋ የት ትተኛለች ያለ ሰው ትዝ አይለኝም። አምስቱ ልጆች ሁለት ፍራሽ አላቸው። ሁለቱ በቀን፣ ሦስቱ በሌሊት ፈረቃ ይሠራሉ። የሌሊቶቹ ሲገቡ ፍራሹ ገና አልቀዘቀዘም። በራቸው ላይ አምስት ጥንድ ጫማ ያየሁት በፋሲካ ብቻ ነው። ኪራዩን እትዬ የሚቀበሏቸው በክፍል አይደለም፣ በነፍስ ወከፍ ነው። አንዷ ስትታመም እህቷ ልታስታምማት መጥታ ሦስት ቀን ብታድር የእሷንም ተቀብለዋል። ገጽታ ያበላሻሉ! ብራቸው የማንን ገጽታ አበላሸ? ሰው ሸሚዝ ሰፍቶ ባሕር ማዶ እየላከ ማደሪያ ሲነፈገው አጨበጨብን። አዎ፣ ተናድጃለሁ። ክቡርነትዎን ለአፍታ ረስቼ ነው፣ ይቅርታ።

ዝም ማለት ስላቃተኝ ከኋላ ጮህኩ። «ተመጣጣኝ ስንት ብር ነው?»

መድረክ መሪው ፈገግ አሉ። «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በሂደት ይታያል። የቤት ቁጥርዎን ቢነግሩን?»

አዳራሹ ሳቀ። ቁጥር ጠየቅኩ፣ ቁጥር ተጠየቅኩ።

ለመሆኑ ክቡር ሆይ፣ የሚመጣጠኑት ከምን ጋር ነው? ሚዛን ሁለት ሳህን አለው። በአንዱ እርስዎ አሉ እንበል። በሌላው ማንን አስቀመጡት? ከጎረቤቶቼ ደመወዝ ጋር እንዳልል፣ ለግል ሠራተኛ ዝቅተኛው የደመወዝ ወለል እንዲወሰን የሚያስችል ቦርድ ይቋቋማል ብሎ የሠራተኛ አዋጁ ከጻፈ ከ2011 ጀምሮ ወለሉን እየጠበቅን ነው። ወለል የሌለው ደመወዝ ጣሪያ ካለው ኪራይ ጋር እንዴት እንደሚመዘን ፊዚክስ አስተማሪ ሆኜም አልገባኝም። ደግሞ ኪራዩስ ጣሪያ መች አለው?

የድሮውን ቂም ላንሳው ካልኩ አይበቃኝም። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ በ2005 ለ20/80 ኮንዶሚኒየም ቤት ተመዝግባ ነበር። ያኔ ጡት ይጠባ የነበረው ልጇ ዘንድሮ ፂም አውጥቷል፣ ዕጣው ግን አልወጣም። እኛን መምህራኑን በማህበር ተደራጁ፣ ብሩን በዝግ ሂሳብ አስገቡ አሉን። ሂሳቡ እስከ ዛሬ በደንብ ዝግ ነው። ያስገባሁት ጉርድ ፎቶ ብዛት ደግሞ ግድግዳ ይለጥፋል።

ለማንኛውም ወደ ቅዳሜ ልመለስ። ማታ 2 ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው።

«መምህር፣ ቤት ልትገዛ ነው እንዴ?»

«ኧረ እትዬ፣ ከየት አምጥቼ?»

«ዋጋ ስትጠይቅ ሰማሁ ብዬ ነው። የሌለው ሰው ዋጋ አይጠይቅም።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ለማንኛውም ከሚመጣው ወር ጀምሮ 1,500 ጨምርበት። ሰፈሩም ሊለማ ነው።»

የቤት ኪራይ አዋጁን ጠቀስኩላቸው። ቁጥር 1320/2016፤ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም የሚመለከተው አካል በወሰነው መጠን፣ ውሉም ከሁለት ዓመት አያንስም። የክልል ከተሞችን የሚያካትተው ክልሉ ሲወስን መሆኑን በልቤ ያዝኩት፤ እሳቸውን ግን ያም አላስፈለጋቸውም።

«እንግዲያ እዚያው አዋጁ ውስጥ ግባና ተከራይ።»

ከቀጣዩ ክፍል አንዷ ልጅ ሳቋን በጋቢ ስትውጥ ተሰማኝ። ቀን ፈረቃ ናት፣ ተኝታ መሆን ነበረባት።

«እትዬ፣ 1,500 አልበዛም?» አልኩ በመጨረሻ።

«ምኑ ነው የሚበዛው?» አሉኝ ዞር እያሉ። «ተመጣጣኝ ነው እንጂ።»

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ በአካል ስለተዋወቅን ደስ ብሎኛል። ነጠላ እንደሚለብሱ አላውቅም ነበር።

ከሰላምታ ጋር፣
ከኋላ የቆመው መምህር

ግልባጭ፦
• በር ላይ ለተቀመጠው መዝገብ ያዥ
• ለቤቱ (ደርሶታል ብሎ ይፈርምበት)