ገመዱ ስፔሻሊስት አይጠብቅም

«አእምሮው ታውኮ የሚታገል ሕመምተኛ የስፔሻሊስት ሥራ ነው። ጤና ጣቢያዎች የማረጋጊያ መርፌ ከሚወጉት ወደ ሆስፒታል ይላኩት።» ባለፈው ሳምንት በተገኘሁበት የሙያ ስብሰባ ላይ አንድ የሥራ ኃላፊ እንዲህ አሉ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም።

ይላክ! በምን? እኩለ ሌሊት ላይ ልጁ ቤቱን ሲሰባብር አባት የሚጠራው ጎረቤት ነው፤ ጎረቤትም ገመድ ይዞ ይመጣል። «ይላክ» ማለት እጅና እግሩ ተጠፍሮ፣ በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ ይምጣ ማለት ነው። መሳፈሪያ ያጣው ደግሞ ጓሮ ውስጥ ከምሰሶ ጋር ታስሮ ይከርማል።

ለመሆኑ ያ ልጅ የአእምሮ ሕመምተኛ መሆኑን ማን አረጋገጠ? የሚቃዥና የሚሳደብ ሁሉ የአእምሮ ሐኪም አይሻም። ወባ አንጎሉን ይዞት ሊሆን ይችላል። ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ኢንሱሊን ወስዶ ምግብ ያልቀመሰ የስኳር ሕመምተኛ አለ፤ አረቄ ካቆመ ሁለት ቀን የሆነው ጠጪ አለ፤ ከወሊድ በኋላ ትኩሳት የያዛት አራስ አለች። እነዚህን የሚለየው የሙቀት መለኪያ፣ ከጣት የተወሰደች ጠብታ ደምና ልብ ብሎ የሚያይ ነርስ ነው። የዚህ ሁሉ ቦታ ጤና ጣቢያ ነው! ስኳሩ የወረደበትን ሰው አስሮ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር መላክ ጥንቃቄ አይባልም፤ አስከሬን መላክ ነው።

«መርፌው አደገኛ ነው» ይሉናል። የታወከን ሰው የሚያረጋጋው መድኃኒት፣ ሃሎፔሪዶል፣ አንገት ሊያጣምም ይችላል፤ ማርከሻም አለው። ይህች አገር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ያልሆኑ ባለሙያዎችን አሠልጥና የእናቶችን ሆድ ከፍተው ሕፃን እንዲያወጡ ፈቅዳለች። ምላጭ በእጃቸው ያስያዘች አገር ለጤና ጣቢያ ነርስ አንዲት ብልቃጥ ትነፍጋለች?

በጉራጌ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የሚሰጡት ክትትል ከአእምሮ ሕክምና ነርሶች ክትትል እንደማያንስ አሳይቷል። ወር በወር የሚከታተሉትን ሰው በከፋበት ሌሊት «አትንኩት» ማለት ጭካኔ ነው።

ኃላፊው ስፔሻሊስት እስኪበዛ እንድንታገሥ መክረዋል። እኔ ትዕግሥት የለኝም። በሚቀጥለው የጤና ጣቢያዎች የመድኃኒት ግዢ ዝርዝር ላይ ሃሎፔሪዶልና ሌላው ማረጋጊያ ዲያዜፓም ይግቡ፤ ነርሷ በሌሊት የምትደውልለት፣ ስልኩን የሚያነሳ ሐኪም በየሆስፒታሉ ይመደብ።