ቤቴን ራሴ ባሠራ ምን አጠፋሁ?

ሰሞኑን በሬዲዮ የሰማሁት ነገር እስካሁን አልወጣልኝም። ስለ ግንባታ ጥራት ሊናገሩ የተጋበዙ አንድ ባለሙያ፣ ለብልሹው ግንባታ ሁሉ ተጠያቂው ያለ ኮንትራክተር ቤቱን የሚያሠራ ባለቤት ነው አሉ። መፍትሔያቸውም አጭር ነው። ጂ ፕላስ ዋንም ሆነ ሰርቪስ ቤት፣ ኮንትራክተር ያልያዘ ሰው መሠረት እንዳያስቆፍር ይከልከል። ጋዜጠኛው አንድ ጥያቄ እንኳ ሳያነሳ ወደ ማስታወቂያ ሄደ።

ኧረ ቆይ! ኮንትራክተር ካለ ጥራት አለ ያለው ማን ነው? የኮንትራክተር ፈቃድ በኪራይ እንደሚገኝ እዚህ ከተማ ውስጥ የማያውቅ አለ? ማህተሙ ወረቀቱ ላይ አለ፣ ሰውየው ሳይቱ ላይ የለም። ሥራውን የያዘው ፎርማን ነው፤ እሱም ሌላ ሁለት ሳይት ላይ ይጠበቃል። እኔ ብቀጥርም የሚመጣው ያው ግንበኛ፣ ያው ፌሮ ሠራተኛ ነው። ልዩነቱ መሐል ላይ የሚቀረው ትርፍ ብቻ ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 እንኳ ትንሽ መኖሪያ ቤትንና ፋብሪካን በአንድ ምድብ አላስቀመጠም። ባለሙያችን ግን ሁሉንም ጨፈለቁት።

የቤት ጥራት የሚለየው ሶሌታ፣ ማለትም የአርማታው ወለል ወይም ጣሪያ፣ የሚሞላ ቀን ነው። ሲ-25 ለሚባለው የጥንካሬ ደረጃ አርማታ የተለመደው ልክ አንድ ለሁለት ለሦስት ነው፤ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር። ጠዋት ላይ ሁሉም ይቆጥራል። ከምሳ በኋላ ሳጥኑ ከአፉ በላይ መቆለል ይጀምራል። ከዚያ ውሃው ይመጣል። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ 25 ሊትር ገደማ ይበቃል፤ ግን ቀጠን ያለ አርማታ ለአካፋ ይቀላል፣ ስለዚህ በባልዲ ይቸለስበታል። የተረፈው ውሃ ሲደርቅ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፣ አርማታው ጉልበት ያጣል። አርማታውን እየነዘረ የሚያጠቀጥቀው ቫይብሬተር ተበላሸ ይባልና ኮለኑ፣ ማለትም ምሰሶው፣ በፌሮ ቁራጭ እየተወጋ ይሞላል። ጣውላው ሲፈታ ጠጠሩ አፍጥጦ ይታያል። ማን ያየዋል? በማግስቱ በሲሚንቶ ይለሰናል፣ አለቀ።

ሥራውን በጥቅል ዋጋ ለያዘ ኮንትራክተር የተረፈች ከረጢት ሁሉ የእሱ ናት። ለባለቤቱ ግን ያቺው ከረጢት የጎደለችው ልጆቹ ከሚተኙበት በላይ ነው። ታዲያ ማን ይሻላል ሳይቱ ላይ ቢቆም? አንዲት ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ሶሌታቸው ሲሞላ በርጩማ አስቀምጠው ሚክሰሩ አጠገብ ዋሉ። አንድ ከረጢት በተቀደደ ቁጥር አንዲት ሽምብራ ከግራ ኪሳቸው ወደ ቀኝ ያዘዋውራሉ። ፎርማኑ ከፀሐይ እንዲጠለሉ ቢለምናቸውም ንቅንቅ አላሉም። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ጆንያ አልብሰው ውሃ አጠጡት። በስንት ኮንትራክተር ሳይት ነው ሶሌታ በወጉ ውሃ ሲጠጣ ያያችሁት?

የገንዘቡ ነገርም አለ። እኛ ዘንድ ቤት የሚሠራው እጅ ላይ ባለው ልክ ነው። ዘንድሮ መሠረት፣ ለከርሞ ኮለን፣ ዕቁብ ሲደርስ ቆርቆሮ። ይህን የሚጠብቅ ኮንትራክተር አምጡልኝ! ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ውል የያዙት ዋጋ ይከለስ እያሉ መጡ፤ የማውቀው አንዱ ደግሞ ግድግዳውን በጅምር ትቶ ስልኩን አጠፋ።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። የስትራክቸር ዲዛይን በግምት አይሠራም፤ አርማታ ከመሞላቱ በፊትም ፌሮውንና ዙሪያውን አቅፎ የሚይዘውን ስታፋ መሐንዲስ ይየው። ለዚህ ግን መሐንዲስን በቀን ከፍሎ ማምጣት ይበቃል። ዱባይ ወይም ዲሲ ሆኖ በዋትስአፕ ቤት የሚያሠራውም ሰው እዚህ የሚቆምለት ከሌለው ይቅርበት። ኮንትራክተር ቢይዝም ግን የሚደርሰው ያው ፎቶ ነው።

ባለሙያው የራሳቸውን መኖሪያ ቤት ያሠራላቸው ማን እንደሆነ ጋዜጠኛው ቢጠይቅ ደስ ይለኝ ነበር። እኔ የማውቃቸው መሐንዲሶች በሙሉ የገዛ ቤታቸውን ሳይቱ ላይ ቆመው ራሳቸው ናቸው ያሠሩት።