ላዩን ለብሩሽ፣ ውስጡን ለቄስ

በአሮጌ ቀለም ላይ አዲስ ለሚደርበው፣ ለደራቢው ክብር ይሁን! እንግዳ ሊመጣ ሁለት ሰዓት ሲቀረው የቀለም ጣሳውን ከፍቶ፣ የመስኮቱን መቃን ከነቅርፊቱ፣ ከነአቧራው፣ ከነደረቀችው ዝንብ ቀብቶ የሚያሸበርቅ ጀግና ነው። ዝንቧም ብትሆን በነጭ ተገንዛ ለትውልድ መቆየቷን በሕይወት ሳለች አላሰበችውም።

ምቀኛ አይጠፋም መቼስ። አዲስ ቀለም የሚጸናው ከሥሩ ያለው እስከጸና ድረስ ነው፤ አሮጌው ሲላጥ አዲሱንም ይዞት ይወርዳል ይላሉ። ስለዚህ የለቀቀውን በመፋቂያ አንሡ፣ የቀረውን ጠርዝ ለእጅ እስከማይታወቅ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት አሳሱ፣ ጎድጓዳውን በስቱኮ ሙሉ፣ ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን ማያያዣ፣ ፕራይመር ቀቡ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። ጠብቁ! ጣሳ ከፍቶ እጁን አጣምሮ የሚቀመጥ ሰው ከየት ይገኛል?

አንዱ ደግሞ ጥጥ በአልኮል ነክሮ የቤቴን መቃን አሸልኝ። ጥጡ አልቀለመም። «ከሥር ያለው የዘይት ቀለም ነው፤ እንዲህ የሚያብረቀርቅ ነገር ሳይሻክርና ፕራይመር ሳያገኝ በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ብትቀባው አይይዝም» አለኝ። ሐሜት ነው። ቀለሙማ እርስ በርሱ ጥብቅ አድርጎ ይያያዛል፤ በጥፍር ጫፍ ሲቆነጥጡት እንደ ሙዝ ልጣጭ ከላይ እስከ ታች በአንድ ላይ ይነሣል። የማይወደው ከሥሩ ያለውን የዘይት ቀለም ብቻ ነው።

በአሮጌ ቤት ደግሞ ደራቢው ሳያውቀው ሊጸድቅ ለጥቂት ይስታል። የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ አሜሪካ እንኳ ለቤት እንዳይውል ያገደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እንዲህ ያለው ቀለም በደረቁ ሲፈገፈግ ብናኙ የሕፃናትን አንጎል ይጎዳል። የእኛ ሰው ብርጭቆ ወረቀት ስለማይነካ ብናኝ አያስነሣም። ቅርፊቱ ግን ማንንም ሳይጠብቅ ወለሉ ላይ ይረግፋል፤ ወለሉ ላይ የሚድኸው ልጅም አንሥቶ ይቀምሰዋል። ደራቢው ያን ጊዜ ቀና ብሎ ኮርኒሱን እያደነቀ ነው።

እኔም ከማኅበሩ ነኝ፤ አልደብቅም። የመኝታ ቤቴ በር ስድስት ጊዜ ተደርቦበት፣ ማጠፊያው ከነብሎኑ ተቀብቶ፣ ወፍሮ ከመቃኑ አልገባ ብሏል። መስኮቱ በተቃራኒው ከክፈፉ ጋር ተጣብቆ አልከፈት አለ። ከመስታወቱ የሚወርደው ጤዛ በስንጥቁ ገብቶ እንጨቱን ከውስጥ ያረጥበዋል፤ ቀለሙም እንደ እንጀራ ዓይን እያበጠ ይነሣል። እርጥበቱን ሳታስወግድ ብሩሽ አታንሣ ተብዬ ነበር።

ሰባተኛውን ጣሳ ገዝቻለሁ። እንግዳዬ ቅዳሜ ይመጣል፤ በሩን ሳይነካ እንዲገባ አስቀድሜ ገርበብ አድርጌ እጠብቀዋለሁ። ገርበብ ከማለት ሌላ ምርጫም የለው።